ከእሱ በቀር ማንም የማያነበው ፋይል

ከምርመራ ክፍሉ ፊት ለፊት ወረፋ የሚጠብቀው ሰውዬ ከጎኔ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ጭኑ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ በከፈተው፣ ሊኑክስ በተባለ ሌላ ሥርዓት ጥቁር መስኮት ላይ ይጽፋል። ሰው ባለፈ ቁጥር ስክሪኑን በመዳፉ ይጋርዳል። ማን እንደሚሰልለው እንጃ! የታካሚ መለያ የታሰረበትን እጁንም እጅጌው ውስጥ ደብቋል።

"ኮምፒውተሩ የሰርቨር መግቢያ ቁልፌን የያዘውን ፋይል ሁሉም ሰው ማንበብ ይችላል ብሎ አልቀበልም አለኝ፣ እህቴ" አለኝ ሳልጠይቀው። "እኔን! ለእናቴ እንኳ ስልኬን የማላሳየውን!"

ፋይሉ ለእሱ ብቻ እንዲነበብ አዘዘ። ትእዛዙ ያለ ቅሬታ አለፈ፤ የፋይሉ የማንበብ ፈቃድ ግን እንደነበረ ነው። ሦስቴ ደገመው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ስልኩ ጠራ። "ሥራ ላይ ነኝ እማዬ፣ ምን እሆናለሁ?" አለና ዘጋው። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል።

በመጨረሻ ምክንያቱ ገባው፦ ፋይሉ የተቀመጠው በዊንዶውስ በኩል ስለሆነ የሊኑክሱ ትእዛዝ አይነካውም። ወደ ሊኑክሱ ማህደር ገልብጦ አንዴ አዘዘ። ሠራ።

"አሁን ከእኔ በቀር ማንም አያየውም!" ብሎ ተነፈሰ።

ነርሷ በሩን ከፈተች። "አብሮዎት የመጣ ሰው አለ? ማደንዘዣ ስለሚወስዱ ብቻዎን አናስገባም።"

ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቃኘ። ከዚያ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ጭኔ ላይ አስቀመጠና፣

"እሷ አለች" አላት።