መሪ ሰፈር ቤት ለማየት የሄድኩ ቀን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጉልበቴ የየካ ሚካኤልን ዳገት እምቢ ስላለኝ፣ መሪ ሰፈር ካሉት የልጅ ልጆቼ አጠገብ ቤት ልገዛ ስፈልግ ከረምኩ። ትንሽ ሆኖ ጥራት ያለው፣ እነሱ ጋ በእግር የሚያስኬድ። ባለፈው የሚካኤል ዕለት ደላላው ደውሎ "እማማ፣ ልክ የሚፈልጉት አፓርታማ ተገኝቷል፤ ሰው ሳይቀድምዎት ይምጡ። በሩ ክፍት ነው፣ እኔም ወዲያው እደርሳለሁ" አለኝ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድኩ።

ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ዕቃ የለም። ግድግዳ ተጠግተው በተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ስድስት ሰዎች ነጠላ ለብሰው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ክው አልኩ። ቤት ልግዛ ብዬ ለቅሶ ቤት ገባሁ! ተመልሶ መውጣት ነውር ነው፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብዬ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ያለችው ሴት ደነገጠች። "ማን ሞቶ ነው እትዬ?"

እሷም እንደኔ ሳታውቅ የገባች መሰለኝ። "እኔም አሁን መድረሴ ነው ልጄ፤ ባለቤቱ ሳይሆን አይቀርም።"

"ወይኔ! እኛ ደግሞ በሰው ሐዘን ላይ!" አለችና ለባሏ አንሾካሾከች፤ ባሏም ለወዲያኛው። አንድ በአንድ እየተነሱ "ነፍስ ይማር" እያሉ ወጡ። ሐዘንተኛ የሌለበትን ቤት ጥሎ መሄድ ከብዶኝ፣ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ብቻዬን ቀረሁ።

ትንሽ ቆይቶ ደላላው፣ እየሳቀ ስልክ ከሚያወራ ጎልማሳ ጋር ገባ።

"እማማ፣ ባለቤቱ እሳቸው ናቸው" አለኝ ዙሪያውን እያየ። "ሌሎቹ ገዢዎችስ የት ሄዱ?"