ከመርፌ የሸሸግናቸው ላሞች

በዚህ ጥፋት ውስጥ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ በአንዲት ላም ቅቤ የሚተዳደሩ ባልቴት ጎረቤታችንና ከብቸና በበቅሎ የመጣው የከብት ሐኪም።

ከሞጣ ገበያ ያመጣኋት ላም ባረገዘች በሰባት ወሯ ጨነገፈች። እንግዴ ልጁ አልወርድ ቢል ባለቤቴ በባዶ እጇ ጎትታ አወጣችው። ወሬውን የሰማው ሐኪም በሳምንቱ ደረሰ። የመንደሩን ላሞች ደም ቀድቶ ሊያስመረምር፣ የሚያስጨነግፈው በሽታ የተገኘባትንም ከመንጋው ሊያስለይ ነበር። በሽታው ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ ወተት ሳናፈላ እንዳንጠጣ፣ የጨነገፈች ላም እንግዴ ልጅም በባዶ እጅ እንዳንነካ አስጠነቀቀን። ከዚያ መዝገብ አውጥቶ የላሞቹን መልክና የባለቤቶቹን ስም መጻፍ ጀመረ።

«ደም ለመቅዳት የእኔ ስም ምን ያደርጋል?» አለ ወንድሜ። «ላሟ ብትታመም እኔን ልትወጋ ነው?»

«የታመመችው የማን እንደሆነች በምን ልወቅ፣ ጋሼ?»

«ግብር ሲመጣማ ታውቃታለህ!»

ሰዉ ሳቀ። በዚያ ዘመን መዝገብ የያዘ ሁሉ ግብር ሊጥል የመጣ ይመስለን ነበር። ባልቴቷ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ እስቲ እየው። ክፉ ከሆነ ላሜን ልሸሽግ፣ ደግ ከሆነ ትወጋ።»

አየሁት። ስለ ግብር አንዲት ቃል አልነበረበትም። ነገር ግን ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ሊቆጥሩን ነው የሚመጡት» ብዬ ለሁሉም ተናግሬ ስለነበር ቃሌን ማጠፍ አሳፈረኝ። «አይታመንም እማማ፣ ይሸሽጓት» አልኳቸው። ያለ አስተማሪ ማንበብ መቻሌ ያኮራኝ ነበር። ያነበበውን እውነት ለማይናገር ሰው ግን ማንበብ ምን ይረባዋል?

በማግስቱ ላሞቻችንን ገደሉ ሥር አወረድናቸው። የእኔዋም የውርጃዋ ፈሳሽ ሳይደርቅ ከሁሉም ጋር በአንድ ጠባብ በረት ከረመች። ሐኪሙ ሦስት ቀን ለምኖን ሄደ።

ክረምቱ ሳይወጣ ላሞቹ በየተራ ጽንሳቸውን ይጥሉ ጀመር። የባልቴቷ ላም የጣለች ዕለት ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«ይሁን» አሉኝ፤ «አንተ ባትነግረኝ ግብሩ ይጨርሰኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

እውነቱን ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ «አብሮ ይስጠን» ብያቸው ወጣሁ። ላሟ ዳግመኛ ጽንስ አልያዘችም፤ ለሥጋ ተሸጠች። እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ሰው ቤት እህል ሊፈጩ ገቡ።

ሁሉም ሲደመር፦ ከሦስት ቤት ስድስት ጥጆች፣ የባልቴቷ ብቸኛ ላም፣ ተመላልሶ በሚነሣ ትኩሳት የጎበጠው የባለቤቴ ወገብ፣ በአራት ወሩ ከማህፀኗ የወረደው ልጃችን።