ከቆላ የወጣው ዘቢብ

ጣሊያን ሸዋን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በመንዝ ከሞላሌ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ደብር ቅዳሴ ታጎለ። ካህናት አልጠፉም፤ የጠፋው ዘቢብ ነው። ከባሕር ማዶ የሚያስመጡት ነጋዴዎች መንገድ ተዘግቶባቸዋል፤ ያለ ዘቢብ ደግሞ ለቁርባን የሚሆን ወይን አይጨመቅም። ሕፃናት ክርስትና ቢነሡም ሳይቆርቡ ይመለሱ ጀመር።

ከነዚያ ሕፃናት አንዱ የጥሩሸዋ የልጅ ልጅ ነበር። ጥሩሸዋ መርሐቤቴ ተወልዳ መንዝ ያገባች፣ ባሏ ከዘመተበት ያልተመለሰላት የአርባ ዓመት ሴት ናት። ሕፃኑ ሳይቆርብ በመጣ ማግስት የደብሩ አለቃ ቄስ ገብረየሱስ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ በትውልድ አገሬ ወይን አለ። አያቴ ገደል ላይ የተከለው።»

«የመርሐቤቴ ወይን ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አሉ ቄሱ። «የዱር ፍሬ ቢሆንስ? በሱ እንዴት ይቀደሳል?»

«አምጥቼ ላሳይዎት። ካልሆነ ይጣላል።»

ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ በሶዋን ቋጥራ ቆላ ወረደች። ወንድሟ አባይነህ ምን እንዳመጣት ሲሰማ ሳቀ። «ያን ሐረግ ዝንጀሮ ከወረሰው ስንት ዘመኑ!»

ቢሆንም ወሰዳት። ግንዱ የሰው ጭን ያህል የወፈረ ሐረግ በዋንዛ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከአተር ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ፍሬ አንዠርግጓል። ገና መብሰል መጀመሩ ነበር። ጥሩሸዋ ወንጭፍ ይዛ ሥሩ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከንጋት እስከ ምሽት ዝንጀሮ ስታባርር፣ የበሰለውን እየለቀመች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስታሰጣና ስታገላብጥ ፊቷ ከሰለ። እኩሌታውን ዝንጀሮ በላው። የቀረው አንዲት ትንሽ ስልቻ ሞላ።

ስትመለስ ዓለም ከተማ ላይ ወታደሮች አስቆሟት። ስልቻው ሲፈታ አንድ የጣሊያን መኮንን ፍሬ አንሥቶ አኘከ። ደግሞ አነሣ።

«አባቱ ወይን ተካይ ነው» አላት አስተርጓሚው። «እንዲህ ያለ ግን ቀምሶ አያውቅም። ቦታውን ንገሪኝ ይልሻል።»

ጥሩሸዋ እጇን ስልቻው ላይ ጫነች። «የቤተ ክርስቲያን መገበሪያ ነው። ቦታውን የምናውቀው እኔና ዝንጀሮ ነን፤ ዝንጀሮውን ይጠይቅ።»

አስተርጓሚው ከንፈሩን ነክሶ አንድ ነገር ተረጎመ፤ ምን ብሎ እንደሆነ እሷም እስከ መጨረሻው አላወቀችም። መኮንኑ ስልቻውን ቋጥሮ በእጁ መለሰላት።

በሆሳዕና ዋዜማ ደብሩ ደረሰች። ቄስ ገብረየሱስ ጥቂት ፍሬ ቆጥረው መገበሪያ ወደሚዘጋጅበት ቤተልሔም ገቡ። ሕዝቡ ቅጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ፍሬው በውኃ ርሶ እስኪያብጥ ድረስ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ጽዋ ይዘው ብቅ አሉ። ውኃው ቀልቷል፤ አሸተቱት።

«ወይን ነው» አሉ። «የገዛ አገራችን ወይን ነው።»

በፋሲካ ሠላሳ ሁለት ሕፃናት ቆረቡ። ጥሩሸዋ የልጅ ልጇን አቅፋ ስትወጣ እልልታው ሸንተረሩን ተሻግሮ ተሰማ።

በክረምቱ ቅርንጫፍ ቆርጣ ጓሮዋ ብትተክል የመንዝ ውርጭ ገደለባት። እሷና አባይነህ ግን ቆላው እርከን ላይ አምስት ሐረግ አጸደቁ። ጠላት ሲወጣ ከቀየት ወረዳ ጭምር ሰባት ደብሮች ዘቢባቸውን ከዚያ ያስለቅሙ ነበር፤ ሲወርዱም በቅድሚያ እሷን ያስፈቅዱ ነበር።