የጋሽ ተስፋይ የኪስ ሰዓት

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እዚህ በሰው አገር፣ ግሌንዴል በምትባል ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩት ጡረተኛው የታክሲ ሹፌር ጋሽ ተስፋይ፣ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ ሳራ፣ ሦስተኛው ደግሞ እኔ አባቷ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ሰዓት መጠገን የለመድኩ፣ በቤቴ ውሸት የማልታገሥ ሰው።

ባለፈው ሳምንት ጋራዡን ሳጸዳ የሰዓት ዘይት ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ አገኘሁ። ሽታው ጎረቤት ከተማ አውሮራ የነበረውን አፓርታማችንን፣ የቅዳሜ ጠዋቷን ፀሐይ፣ እግሯን ከወንበር በታች እያወዛወዘች ስለ ሰዓት የተጻፈውን እንግሊዝኛ ከላፕቶፕ ላይ የምታነብልኝን ሳራን ይዞብኝ መጣ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ግድም ነው።

ጋሽ ተስፋይ ያመጡልኝ፣ አባታቸው አስመራ ላይ ከአንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የገዙት፣ ለዓመታት ቆሞ የኖረ በቁልፍ የሚሞላ ሰዓት ነበር። ስከፍተው አይቼ የማላውቀው ነገር አገኘሁ፤ እንደ ብስክሌት ሰንሰለት የተሠራ፣ ግን ከክር የማይወፍር ሰንሰለት በአንድ ሾጣጣ ብረት ላይ ይጠመጠማል። ሞላው ሲደክም ሰንሰለቱ ወደ ሾጣጣው ሰፊ ወገን ስለሚወርድ ጉልበቱ እኩል ሆኖ ይቆያል ብላ ሳራ አነበበችልኝ። እኔም አጋጣሚውን አላሳለፍኩም፣ ስለ ጽናት ሰበክኋት።

አጽድቼ፣ ዘይት ነክቼ መሙላት ጀመርኩ። ጥቂት ዞሮ ቁልፉ ድርቅ አለ።

«አባ፣ ስቶፕ! ሰንሰለቱ ሲያልቅ ሎክ ያደርጋል ይላል። ኢትስ ኦኬ፣ ሞልቷል።»

«ሃያ ዓመት ሰዓት ስፈታ አንቺ የት ነበርሽ?» ብዬ ገፋሁት። ጠቅ አለ፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ።

ጋሽ ተስፋይ ከሰዓት በኋላ ሲመጡ አፌ ከልቤ ቀደመ። «ይቺ ነካክታው ነው» አልኳቸው። ሳራ ቀና ብላ አየችኝ። ይባስ ብዬ «ይቅርታ ጠይቂ!» አልኳት። ሁልጊዜ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምትመልሰው ልጅ፣ ብድግ ብላ ጥርት ባለ አማርኛ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አለች።

«ተዋት፣ ልጅ አይደለች?» አሉና ሰዓታቸውን በመሐረብ ጠቀለሉ። እጠግነዋለሁ ብላቸውም አልተዉልኝም። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጡም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። «ያን ቀንም አውቄያለሁ» አሉኝ። «የልጅ ጣት ያን ቁልፍ አያሸንፈውም። አሁን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ይልቅ እሷን ይቅርታ ጠይቃት።»

ሳራን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ያቺ በእልኸኝነት የገፋኋት አንዲት ዙር ከነውሸቷ፣ ጋሽ ተስፋይን የአባታቸውን ሰዓት፣ እኔን አንድ ትልቅ ሰው፣ ሳራን ደግሞ በአሥራ አንድ ዓመቷ የምታምነውን አባቷን አሳጣች።