የአባቴ የፍስክ ሰሃን

የብረት ሰሃን ከወለል ጋር ሲገናኝ «ኳ» የሚል አጭር ድምፅ አለው። ባለፈው ሁዳዴ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ባለው ቤቴ ወጥ ቤት ቆሜ ምሳ ሳሰናዳ ያንን ድምፅ ሰማሁና የያዝኩት ጭልፋ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዘወር ስል እናቴ እንቁላል ፍርፍሯን ይዛ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሰሃኑን እግሯ ሥር አድርጋ፣ እኔና ልጆቼ ለምንበላበት ጠረጴዛ ጀርባዋን ሰጥታ አየኋት። ደም አንሷታል ብሎ ሐኪሙ እንቁላልና ወተት እንድትወስድ ሲያዛት፣ የዛሬው የንስሐ አባቷ «እማማ፣ ለሕመም ነው፣ ይፈቀድልዎታል» ብለው ፈቅደውላት ነበር፤ በስልክ፣ ያውም ሰላምታው ሳያልቅ። ሰሃኑ ነጭ ቀለሙ የተላላጠ፣ ጠርዙ ሰማያዊ ነው። የአባቴ ሰሃን ነው። የት ደብቃው እስካሁን እንደቆየች አላውቅም፣ ሳየው ግን ወዲያው አወቅሁት፣ ንዴቴም እንደ ልጅነቴ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።

በደርግ ዘመን የምንኖረው ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ቦሌ ያኔ ገና ግማሹ ሜዳ ስለነበር፣ እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ አጥር ላይ ተንጠላጥለን አውሮፕላን ሲያርፍ እናይ ነበር። አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። እናቴ፣ አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ ከአንድ ትሪ ላይ ነበር የምንበላው። አባቴ እጁን ታጥቦ፣ ጸሎት አድርሶ፣ እንጀራውን ቆርሶ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሁልጊዜ ለእናቴ ያጎርሳት ነበር፣ እሷም «ኧረ ልጆቹ ያዩናል» እያለች አፏን ትከፍት ነበር። ማታ ማታ ያንን ለማየት ብቻ ከጨዋታ ሮጬ የምገባበት ጊዜ ነበር።

ሁዳዴ ሲመጣ ቤታችን ሌላ ቤት ይሆን ነበር። እናቴ ቅበላው እንዳለፈ ሥጋና ቅቤ የነካውን ሁሉ፣ ድስቱን፣ ቢላዋውን፣ ማማሰያውን ሳይቀር ለቃቅማ ጆንያ ውስጥ ትከትና ቁም ሳጥኑ ላይ ትሰቅለው ነበር፤ ከዚያ ለጾም የተለዩትን ዕቃዎች አውርዳ በአመድ እየፈተገች ታጥብና፣ እኔን አስከትላ ሾላ ገበያ ሄዳ ሱፍ፣ ተልባና ምስር ትሸምት ነበር። «የጾም ዕቃና የፍስክ ዕቃ አይነካካም» ትለኝ ነበር፣ እኔም በትልቅነት ስሜት ጭንቅላቴን እነቀንቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ወቅቱን እወደው ነበር፤ የሱፍ ፍትፍት ከማንኛውም ሥጋ ይበልጥብኝ ነበር። ዕቃ ለመለየት የወጣ ሥርዓት አንድ ቀን ሰው ይለይበታል ብዬ እንዴት ልጠርጥር።

አንድ ዓመት፣ ሁዳዴው ተጋምሶ፣ የበልጉ ዝናብ መዝነብ ጀምሮ ሳለ፣ በአባቴ መሥሪያ ቤት የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት የጨረሱ ሠራተኞች ይመረቃሉ ተብሎ በግ ታረደ። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ድግሱን በጾሙ መሐል፣ ያውም ዓርብ ቀን ያደረገው አውቆ ነው፤ ማን እንደሚበላ፣ ማን እንደማይበላ ቆሞ ሊያይ ነው። ቀደም ባለው ዓመት «ጾመኛ ነኝ» ብሎ የቀረበለትን የገፋ አንድ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ «አድኃሪ» ተብሎ ተወስዶ ነበር፣ ሚስቱ ስንቅ ተሸክማ ከእስር ቤት እስር ቤት ስትንከራተት አባቴ በዓይኑ አይቷታል። እና አባቴ ጥግ ይዞ ደረቅ ዳቦ ሲቆራርስ ካድሬው መጣና፣ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ሰው ሁሉ እያየ «እንካ ጓድ፣ በሞቴ» ብሎ እጁን ወደ አባቴ አፍ ሰደደ። ሰው ለሚወደው የሚያደርገውን፣ አባቴ በየማታው ለእናቴ የሚያደርገውን ነገር፣ ያ ሰው መፈተኛ አደረገው። አባቴ አፉን ከፈተ።

እንደ ሌሎቹ ባልደረቦቹ አፉን ተጉመጥሙጦ፣ ዝም ብሎ ቤቱ መግባት ይችል ነበር። እሱ ግን ገና ትሪው ሳይቀርብ ለእናቴ ሁሉንም ነገራት።

«አንዲት ጉርሻ ናት» አላት። «ልደብቅሽ አልፈለግኩም።»

እናቴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አንሥታ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደች። ስትመለስ ጆንያውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን የፍስክ ሰሃን አወጣች፣ ሽሮ ጨልፋበት በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ እግር ሥር ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠችው። ኳ አለ።

«ንስሐ እስኪገባ የጾም ዕቃ እንዳይነካ ብለዋል» አለችው፣ ፊቱን ሳታየው።

አባቴ ሰሃኑን አየው፣ እኛን አየን፣ ሄዶ ተቀመጠ።

በማግሥቱ እኔን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የንስሐ አባታችን ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው የሚያምር ቄስ ነበሩ፤ ከአጥሩ ሥር ዛፍ ተደግፈው ሲያነጋግሩት እኔ እዚያው አጠገባቸው ድንጋይ እየለቀምኩ ነበርና የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

«ሁለተኛ አልበላም፣ ቢገድሉኝም አልበላም ብለህ ቃል ግባ» አሉት።

«እሱን ቃል ልገባልዎ አልችልም አባ» አለ አባቴ። «ነገም ቢያጎርሱኝ እውጣለሁ። ልጆች አሉኝ። እግዚአብሔርን ልዋሸው?»

«እንግዲያው እኔም ልፈታህ አልችልም።»

ነገሩ ይኸው ነው። ቢዋሽ ኖሮ በዚያው ቀን ተፈትቶ ወደ ትሪው ይመለስ ነበር፤ እውነቱን ስለተናገረ በርጩማው ላይ ቀረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጄን አጥብቆ ይዞ ነበር።

የቀረውን ሁዳዴ እኛ በትሪው ዙሪያ፣ እሱ በሩ ጋ ሆኖ አሳለፍነው። ደሜን የሚያፈላው፣ ከመካከላችን እንደ እሱ አጥብቆ የጾመ ሰው አለመኖሩ ነው። እናቴ እንኳ አንዳንድ ቀን ደክሟት ቀደም ብላ ስትቀምስ፣ እሱ ከሥራ እስኪመለስ እህል ውኃ በአፉ አይዞርም ነበር፤ ሲመጣም ከዚያ ሰሃን ላይ የሚበላው ያንኑ የኛኑ ሽሮና ምስር ነበር። የጾም ወጥ በፍስክ ሰሃን እየበላ ፍስከኛ ተባለ። አንድ ቀን አልቻልኩምና ከትሪው ተነሥቼ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ፣ እጄንም ወደ ሰሃኑ ሰደድኩ። አባቴ እጄን ቀስ ብሎ ያዘው።

«ሂጂ ሚሚዬ፣ ከእናትሽ ጋር ብዪ» አለኝ። «ያንቺንም ሰሃን እንዳይለዩብሽ።»

ፈገግ ብሎ ነበር ያለኝ። እናቴ ትሪው ላይ አቀርቅራ፣ እንዳልሰማ ሰው ምስሯን ትጠቀልል ነበር፣ እኔም ያን ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን ጠላኋት።

ፋሲካ ሲቃረብ ልቤ ተንጠለጠለ፤ በፋሲካ ዕቃ ሁሉ የፍስክ ነውና የሚለይበት ምክንያት አይኖርም ብዬ አስቤ ነበር። በበዓሉ ጠዋት ዶሮው ቀርቦ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ እናቴ ነጭ ለብሳ ትሪውን ስታስቀምጥ ደስታው ገንፍሎብኝ «ዛሬ ሁላችንም እንደ አባባ ነን» አልኩ። የእናቴ ፊት ልውጥ አለ፣ ከዚያ ወደ በሩ ዞራ «ና እንጂ፣ ወደ ትሪው ቅረብ፤ ጾሙ እኮ ተፈታ» አለችው። አባቴ ከበርጩማው አልተነሣም። ቁጣም ፊቱ ላይ አልነበረም። «እዚሁ ይሻለኛል፣ ለምጄዋለሁ» አለና ሰሃኑን ዘረጋላት። እናቴ ፈረሰኛውን አውጥታ አደረገችለት። ያን ቀን ማንም ማንንም አላጎረሰም።

ክረምቱ ገብቶ ፍልሰታ ሲመጣ፣ እኛ የሰፈር ልጆች ማን እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ እየተፎካከርን ስንጾም፣ ሰሃኑ ያው በርጩማው ሥር ነበር። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ቀበሌው ትልቅ ትንሹን ለሰልፍ አስወጣ፣ እዚያም የንስሐ አባታችንን አየኋቸው። መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ግራ እጃቸውን እንደማንኛችንም ወደ ላይ አንሥተው፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «አድኃሪያን ይውደሙ» ይሉ ነበር። ፈርተው እንደሆነ ይገባኛል፤ ያኔ ያልፈራ አልነበረም። የሳቸውን ፍርሃት ግን ማንም ሰሃን አለየለትም። በሳምንቱ ቤታችን ጎራ ሲሉ እናቴ ለእንግዳ ባስቀመጠችው ሰሃን አቀረበችላቸው፣ አባቴም በርጩማው ላይ ሆኖ «ይብሉ እንጂ አባ፣ ምነው ተውት» እያለ ያስተናግዳቸው ነበር። ከሄዱ በኋላ በሰልፉ ላይ ያየሁትን ለእናቴ ስነግራት ክንዴን ቆንጥጣ «የካህን ነገር አይነሣም» አለችኝ። የቁንጥጫው ምልክት ጠፍቷል፣ ንዴቱ አልጠፋም።

እንዲህ እያልን የገናን ጾም፣ እንደገና ሁዳዴን፣ ብዙ ፋሲካዎችን አሳለፍን። እናቴ አንዳንዴ ትሪውን ወደ በሩ ጠጋ አድርጋ ታስቀምጠው ነበር፣ አንዳንዴም የእሱን ሰሃን ከሁላችንም በፊት ትሞላው ነበር፤ ቃል ግን አይወጣትም ነበር፣ እሱም አይጠይቃትም ነበር። አባቴ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ሳንባውን ታሞ በዚያው ቤት ሞተ። ያ ካድሬ ዛሬ በየንግሡ ነጠላውን አጣፍቶ «ገለል በሉ፣ ለታቦቱ መንገድ ልቀቁ» እያለ ከፊት ከፊት ይሄዳል አሉ። ንስሐ ገብቶ ይሆናል፣ ደግ አደረገ። እሱን የፈታው ሰው ተገኝቷል፤ አባቴን የፈታው ግን የለም።

ያን ጊዜ ከክፍል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ በየሰው ቤት ተደብቀው ከሚጸልዩት ጴንጤዎች ጋር ሆነው ቀሩ፣ ዛሬም ሲያገኙኝ «ይህን ሁሉ እያየሽ ምን ትጠብቂያለሽ» ይሉኛል። አልሄድኩም። የተጣላሁት ከገዛ ቤቴ ሰዎች ጋር ነው፣ ትቼ ከወጣሁ ደግሞ ማንን ልቆጣ ነው። ቅዳሴ እቆማለሁ፣ ጾሙንም እጾማለሁ፤ ግን እናቴና የያኔው ንስሐ አባታችን እንዳስተማሩኝ አልጾምም። ቤቴ ውስጥ የጾምና የፍስክ የሚባል ሰሃን የለም፣ የሚጾመውም የማይጾመውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ጎረቤቶቼ «ቀላቅላ ነው የምትበላው» ብለው እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ። ቅቤውን ከልክዬ ሰው በር ላይ የማስቀምጥ ከሆነ የኔ ጾም ለእግዚአብሔር ምን ሊያደርግለት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል ነው ባለፈው ሁዳዴ ያ ሰሃን እንደገና ወለል ላይ ኳ ያለው። ጭልፋውን አስቀምጬ እናቴ ፊት ቆምኩ።

«እማዬ፣ ተነሺና ወደ ጠረጴዛው ነይ።»

«ተይኝ ልጄ፣ እኔ ፍስክ እየበላሁ ነው፤ ማዕዳችሁን አላሳድፍም።»

በርጩማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። «እንግዲያው ከሱ አጉርሺኝ» አልኳት።

«በሁዳዴ? ጾምሽንስ?»

«አንዲት ጉርሻ ናት» አልኳት። እንዲያማት ብዬ ነው ያልኩት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ንዴት ነው ያናገረኝ።

እጇ ሰሃኑ ላይ ቀረ። ልጆቼም ወሬያቸውን አቋርጠው ያዩን ጀመር።

«ከዚያ ወዲህ አባትሽ አጉርሶኝ አያውቅም» አለች። «እኔም አጉርሰኝ አላልኩትም። ዛሬ አባ ይፈቱታል፣ ነገ ይፈቱታል እያልኩ ስጠብቅ፣ እኔው እንደምፈታው ማን ይንገረኝ።»

ክንዷን ይዤ አስነሣኋት። ሰሃኑን በሁለት እጇ ይዛ ሄደችና ከሽሮው አጠገብ አስቀመጠችው። ያኔ ያ ሰሃን ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ የአራታችንንም አፍ ያዘጋ ነበር፤ አሁን እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ድምፁ እምብዛም አልተሰማም፣ ልጆቼም ወዲያው ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። እናቴ እንቁላል በነካው እጇ ከኔ ሽሮ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ዋጥኩት። ንዴቴ ግን አብሮ አልወረደም፤ ያ ጉርሻ የአባቴ ነበር።