አባቴ «የለኝም» ያሉ ዕለት

የምኖርበት ቆላ ከተማ ከሰዓት በኋላ ሲጠብስ የመንዝ ብርድ ይናፍቀኛል። የበግ ጠጉር ባና ደርቦ መተኛት፣ ጠዋት ከጉም ውስጥ የሰው ድምፅ ቀድሞ ሰውየው በኋላ ሲመጣ ማየት ይናፍቀኛል። ሰው ብርድ ይናፍቃል ወይ ብለው የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከብርዱ ጋር አብረው የሚመጡብኝን አባቴን አያውቋቸውም፤ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ ደግሞ አንድ ቀን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንደቆሙ ነው።

በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ ቀየት ከተማ አጠገብ ካለው ቤታችን ከገባሁ ወራት አልፈው ነበር። የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ማመልከቻ ብቻ አይበቃም። መታወቂያ አለ፣ የጤና ምርመራ አለ፣ የጣት አሻራ አለ፣ የተረጋገጠ የትምህርት ማስረጃ አለ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ ሁሉም ይከፈልበታል። አባባ የቀሩትን ጥቂት በጎች ደጋግመው ይመለከቱ ጀመር። በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ ከአቅመ ደካማ ቤተሰብ ለወጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ለሚፈልግ ሰው መንግሥት የሰነዶቹን ወጪ ይሸፍናል የሚል ወሬ የተሰማው። ለዚህ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቀበሌው ደብዳቤውን የሚጽፈው ደግሞ ሽማግሎች ቀርበው ሲመሰክሩ ነው።

አባባ ሲሰሙ ተቆጡ። «እኔ በቁሜ እያለሁ ለልጄ ሌላ ሰው ሊከፍልላት?» አሉ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ዝም ማለት አላውቅበትም፤ «በጎቹን ሸጠው ሲጨርሱ ክረምቱን በምን ልትወጡት ነው?» አልኳቸው። ወጥተው ሄዱ። ግን አልከለከሉኝም።

ሽማግሎቹን ያገኘኋቸው የሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በበዓል ሰው እርሻ ስለማይወርድ ምስክር አይጠፋም። አንደኛው የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን። «ምን ችግር አለው ልጄ» ብለው ተከተሉኝ። አባባም ቤት ቁጭ ማለቱ አላስችል ብሏቸው ከኋላ መጡ። ጉዱ የፈላው ያኔ ነው።

የቀበሌው ጸሐፊ ወጣት ነው። እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ «የቤተሰቡ አቅም እንዴት ነው?» ሲል መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእሱ ቤት እኮ እንግዳ ጦሙን አድሮበት አያውቅም» አሉ። ሁለተኛው «ማኅበር ሲያበላ ጠላው ተርፎ ነው የምንበተነው» ብለው ጨመሩ። ሦስተኛው በሬ የምንቀናጃቸው ጎረቤታችን ናቸው። እኛ አንድ በሬ፣ እሳቸው አንድ በሬ አለን፤ በጋራ ጠምደን ነው የምናርሰው። እሳቸው የገዛ በሬያቸውን ለእኛ መርቀው «ጥማድ በሬ አለው» ብለው አረፉት።

የጓዳችንን ባዶነት ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በእኛ አገር ግን ሰውን ፊት ለፊቱ ድሀ ነው ማለት ነውር ነው፤ የተጣላ እንኳ አይደፍረውም። እንግዲህ እነዚህ የአባባ ወዳጆች ናቸው፤ ሊያከብሩ መጡ፣ አከበሩ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አቅም ካላቸውማ ደብዳቤ አልጽፍም» አለ።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። የማመልከቻው ጊዜ ሊያልቅ ቀናት ነው የቀሩት። «ኧረ አባቶቼ፣ እውነቱን ተናገሩልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። መሪጌታው «ተይ ልጄ፣ አባትሽ እዚህ ተቀምጦ?» አሉኝ። ያኔ አባባ ከአግዳሚ ወንበሩ ተነሡ። ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ጋቢያቸውን አደገደጉና «የለኝም» አሉ።

ጸሐፊው በደንብ የሰማ አልመሰለውም። «ምን አሉ አባቴ?» አለ።

«የለኝም። አንደኛው በሬ የእሳቸው ነው። የጎተራው ገብስ ፋሲካን አያልፍም። ይጻፍላት።»

ሽማግሎቹ አቀርቅረው መሬት መሬቱን አዩ። ደብዳቤው ተጻፈ፤ እኔም ፈረምኩበት። ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ላመሰግናቸው ፈልጌ ነበር። ግን ምን ብዬ? ድሀ ነኝ ስላሉልኝ? ሰነዶቼ መሐል ሜዳ ከተማ ያለ አንዳች ክፍያ አለቁልኝ፤ ሥራው ተገኘ፤ ሩቅ ሆነ።

ከወጣሁ ወዲህ አገሬ የገባሁት አንዴ ብቻ ነው። ፈቃድ ሲገኝ መንገዱ ያስፈራል፣ መንገዱ ሲሻል ፈቃዱ ይጠፋል። ደመወዝ ስቀበል የምችለውን እልካለሁ፤ እናቴ ትመርቀኛለች። አባባ ግን ስልኩን ሲቀበሉ ገንዘቡን አያነሡም። «ወረቀት የሚጎድልሽ የለም ወይ?» ነው የሚሉኝ፣ ሁልጊዜ። ሥራዬ እንዳይበላሽ የሰጉልኝ ስለሚመስለኝ «ሁሉም ተሟልቷል፣ አያስቡ» እያልኩ አጽናናቸው ነበር።

ባለፈው እሑድም ጠየቁኝ። ሙቀቱም አናዶኝ ነበርና «ምነው አባባ፣ ሞልቷል አልኩዎት እኮ!» አልኳቸው።

«ቢጎድልሽ ይሻል ነበር» አሉ። «ቀበሌ ሄጄ ያንኑ ቃል በሰው ፊት ደግሜ እናገርልሽ ነበር። ለፊርማው አንቺም መምጣትሽ አይቀር።»