በፎቶው ዳር ያለው ባቡር

ደብረ ታቦር ባቡር የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። እኔ ግን ሀዲድ ባልደረሰበት በዚህ ደጋ ላይ ተቀምጬ፣ የድሮ ፎቶ እያየሁ፣ እንግሊዞች ሠርተው በቅኝ በያዟቸው አገሮች የበተኗቸውን ባቡሮች ዓይነትና ዘመን የምለይ ሰው ነኝ። ባልደረቦቼ መምህራን ስሜን ትተው «ባቡሩ» ይሉኛል። ክፍል ከዘገየሁ «ባቡሩ ዛሬ ከሀዲድ ወጣ» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ሳቄ ቶሎ ያልቃል። በዚህ ነገር ቀልድ አልወድም።

ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ለገሃር ሥር ነው። የልጅነቴ ባቡር የፈረንሳዮች ነበር። የእንግሊዞቹን የለመድኩት ካደግሁ በኋላ፣ በኢንተርኔት ከሚሰባሰቡ ጡረተኛ ፈረንጆች ጋር ነው። አንዱ ከሱዳን፣ ሌላው ከኬንያ ወይም ከሕንድ ያረጀ ፎቶ ያመጣል። እኛ ጎማ እንቆጥራለን፣ የጭስ ማውጫውን ቁመት እናያለን፣ የፉርጎውን መስኮት ከሌላ ፎቶ ጋር እናስተያያለን፤ ከዚያ እስክንጣላ ድረስ እንከራከራለን። ከነሱ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። የፎቶን ዘመን የሚናገረው በውስጡ ያለው አሮጌው ነገር ሳይሆን አዲሱ ነው። አሮጌ ባቡር ስንት ዓመት ቆሞ ሊነሳ ይችላል፤ ገና ያልተሠራ ባቡር ግን ፎቶ ውስጥ አይገባም። ይህን ለተማሪዎቼ እንኳ ሳይቀር ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ።

የምኖረው አንዲት መነኩሲት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። እማሆይ ዘጠናን ተጠግተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን የበር ማንሻ ሲነካ ማን እንደገባ ይለያል። አንድ ልጅ አላቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ቁጥብ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እማሆይ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ቆሜ ስለ ባቡር እለፈልፋለሁ። ባቡር ሲባል ወፍጮ ቤቱ ብቻ ይታያቸው የነበሩት ሴትዮ፣ በመጨረሻ የእንፋሎቱን ከናፍጣው ለይተው የሚጠይቁኝ ሆኑ።

አምና ክረምት፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባ አንድ ሰው እማሆይን እያጠያየቀ ግቢያችን መጣ። ገዳሪፍ ተከራይቶ ይኖርበት በነበረ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሽማግሌ፣ ፎቶው ላይ ያለው ሰው የደብረ ታቦር ሰው እንደሆነ ነግሮት፣ የሰውየውንና የሚስቱን ስም አስይዞታል። ከዚያ በላይ የሚያውቀው የለም። ጦርነቱ ሲቃረብ ያንን ፎቶ ከመስታወቱ አውጥቶ በደረቱ ይዞ ወጣ። አደራውን ለጋሼ አስረክቦ፣ መንገድ ሳይዘጋ ዘመዶቼ ጋ ልድረስ ብሎ ሄደ።

ጋሼ ደስ ብሏቸው ነበር። «እናቴ፣ የዚያ ሱዳን የቀረው ባልሽ ፎቶ መጣ!» ብለው ሮጡ። ባቡር ስላለበት እኔም ተጠራሁ። እማሆይ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። ማተብ ያሰረ፣ እጀ ጉርድ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ፣ ከትንሽ ባቡር ፊት ቆሟል። ግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል።

«እሱ ነው» አሉ። «በሬ ወግቶት ነው ትከሻው እንዲህ የቀረ።» አላለቀሱም። «መቼ የተነሳው ነው?» ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር።

ነገሩን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። እማሆይ በልጅነታቸው የተዳሩለት ባላቸው፣ ጎጆ በወጡ በዓመቱ ማሽላ ሊያጭድ ገዳሪፍ ወረደ። በተከታዩ ክረምት፣ አብሮት ወርዶ የነበረ አንድ የእብናት ነጋዴ፣ ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ከደጃቸው ቆመ። መርዶ ነበር። ወባ ገደለው፣ በገዛ እጄ አፈር አልብሼዋለሁ አለ። ሬሳ ስለሌለ ጋቢውን አልጋ ላይ ዘርግተው በጋቢው ላይ አለቀሱ። ተዝካሩ ወጣ፤ አገር በላ። ዓመት አልፎ ያው መርዶ ያመጣው ነጋዴ ለጋብቻ ሽማግሌዎች ላከ፤ እማሆይም አገቡት። ጋሼ የሱ ልጅ ናቸው። ነጋዴው እርጅና ላይ ሲሞት እማሆይ ቆብ ጫኑ።

«አንተ ብረት ታውቃለህ» አሉኝ። «መርዶው ሲመጣ ሱዳን ገና በእንግሊዝ እጅ ነበረ። ፎቶው ከዚያ በኋላ የተነሳ ከሆነ፣ ባሌ ቆሞ ሲሄድ ነው ተዝካሩን የበላነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ነው ሌላ ያገባሁ። ይኸን ተሸክሜ ነው ቆብ የጫንኩ፣ የቆረብኩ። ሳልሞት ለንስሐ አባቴ የምለው ይኖረኛል።»

«እናቴ ደግሞ!» አሉ ጋሼ እየሳቁ። «መምህር፣ በል ገላግላት።»

መብራት የለም። ኔትወርክም ከጠፋ ሰንብቷል። ከጉና በኩል ጉም ወርዶ ግቢውን ዓይን ያዝ አድርጎታል። ፎቶውን በመስኮቱ ስር አየሁት። ባቡሩን ወዲያው አወቅሁት። ውሃውንና ከሰሉን በራሱ ጎን የሚሸከም፣ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ ለማቀያየር የሚያገለግል፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ የእንፋሎት ባቡር ነው። ከኋላው ለሙቀት አገር የተሠራ፣ መስኮቱ የእንጨት ፍርግርግ የሆነ ነጭ የመንገደኛ ፉርጎ ይታያል። ሁለቱም ከመርዶው ብዙ ቀድመው የተሠሩ ናቸው። ሰው በሚያየኝ ጊዜ ደግሞ ዕውቀቴ ያብጣል።

«አሮጌ ነው እማሆይ» አልኩ። «የእንግሊዝ ዘመን ነው።»

«ተመስገን» አሉ እማሆይ፤ ፎቶውንም ደረታቸው ላይ አደረጉት። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያን ቀን ያበሉኝ የሽሮ ጣዕም አሁንም አፌ ላይ አለ።

ችግሩ፣ ፎቶውን በስልኬ አንስቼው ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ መስከረም ላይ መብራቱም ኔትወርኩም ብቅ ብሎ በነበረበት ሰሞን፣ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ተቀምጬ ለጓደኞቼ ልልክ አወጣሁት። ከመላኬ በፊት ጠርዙን አጎላሁት። በስተቀኝ፣ ፎቶው የሚቆረጥበት ዳር ላይ፣ ፉርጎ ነው ብዬ የናቅሁት ጥቁር ነገር አለ። ፉርጎ አልነበረም። ግድግዳው ላይ አየር የሚገባበት የብረት ወንፊት አለው። ወደ ነጂው በር የሚያወጣ መሰላል አለው። ከሥሩ ጎማዎቹ ሦስት ሆነው ተጠጋግተዋል፤ እንዲህ ያለ እግር ያለው የጭነት ፉርጎ ሱዳን ውስጥ አላውቅም። ጭስ ማውጫ የለውም። የናፍጣ ባቡር ነው።

ያንን ባቡር አውቀዋለሁ። እንግሊዝ አገር ተሠርቶ ሱዳን የደረሰው፣ ሱዳን ነጻ ከወጣች ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ተሳስቼ እንዲሆን ተመኘሁ፤ በሕይወቴ መሳሳት የተመኘሁበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም። ላክሁላቸው። የሁልጊዜ ተከራካሪዬ የሆነው ሽማግሌ ፈረንጅ ሳይውል ሳያድር መለሰልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረኝም።

ሰውየው አልሞተም ነበር ማለት ነው። በገዛ እጄ አፈር አልብሼዋለሁ ያለው ነጋዴ ማንንም አልቀበረም። ለምን ተመልሶ እንዳልመጣ አላውቅም። ምናልባት ሚስቱ ማግባቷን ሰምቶ ይሆናል። ምናልባት ለሱም ሚስትህ ሞተች የሚል መርዶ ተነግሮት ይሆናል።

መጀመሪያ የነገርኩት ለጋሼ ነው። በአጥሩ ጥግ ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ስልኩን አሳየኋቸው፤ ጎማውን፣ መሰላሉን፣ ሁሉንም። ጋሼ ዶማውን አላስቀመጡም።

«አባቴን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አላውቃቸውም፣ ጋሼ።»

«የምታውቀው ብረት ነው። ብረት ደግሞ ሰው አይደለም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቴ የቀራት ጥቂት ነው። አሮጌ ነው ብለሃታል፤ አሮጌ እንደሆነ ይቅር። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁ። እሳቸውም ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። ዶማው ግን ከዚያ በኋላ ይመታ የነበረው ባዶ መሬት ነው። ከክፍሌ ሆኜ ሰማሁት። ፈራኋቸው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሲነገራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ እንጂ ግርምት ስላልነበረ ነው። ጋሼ አባታቸውን ያውቁታል።

ከዚያ ወዲህ ግቢው ጠበበኝ። በጀርባ በር መውጣት ጀመርኩ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ከሩቅ የሚተኮስ ሲሰማ ሰው ሁሉ ንግግሩን አቋርጦ ወደዚያ ያዳምጣል፣ ከዚያ ያቋረጠውን ይቀጥላል። እኛ ግቢ ግን የሚቀጥል ወሬ አልነበረም። አንድ ጠዋት እማሆይ ኮቴዬን ሰምተው ጠሩኝ።

«ተቀመጥ» አሉ። ፎቶው ጭናቸው ላይ ነበር። «ስለ ባቡር ስታወራኝ ነበር የምትውል። ተውከኝ። ምን አስቀየምኩህ?»

«ምንም አላስቀየሙኝም፣ እማሆይ። ሥራ በዝቶ ነው።»

«የፎቶውስ ነገር? ያ ያልከኝ እንዳልከው ነው?»

አፌን ከፈትኩ። አዎ ማለት ነበረብኝ፤ አንዲት ቃል ናት። ስለ ባቡር ግን ውሸት ተናግሬ አላውቅም፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። እማሆይ ጠበቁኝ።

«በቃ» አሉ። «ሰማሁ።»

ልናገር ብል እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ከዚያ ፎቶውን እየዳሰሱ፣ ለኔ ይሁን ለፎቶው ሳይለይ፣ እንዲህ አሉ፦ «የልጄ አባት ሊሞት ሲል ይቅር በይኝ አለኝ። ምኑን ብዬ ብጠይቀው ዓይኑን ከደነ። ሟች አይጨነቅም፣ ይቅር ብየሃለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ልጁ ዝክሩን ሲያወጣ፣ ቄሱ እንደጨረሱ፣ እኔም ይቅር ብየዋለሁ እላለሁ። ሰው ሁሉ ይሰማኛል። ምኑን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ።» ቀና ብለው ወደ እኔ አቅጣጫ አዩ። «እስኪ አንተ የተማርክ ነህ። ሳያውቁ የሰጡት ይቅርታ ይጸናል?»

«አላውቅም፣ እማሆይ።»

«እኔም አላውቅ። ለልጄ እንዳትነግረው። አባቱ ነው።»

እሺ አልኩ። ልጃቸው ያውቃሉ ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ለእናትም ለልጅም ቃል ገብቼ፣ በሁለቱ መሐል በገዛ ኪራይ ቤቴ እንደ ሌባ እገባለሁ፣ እወጣለሁ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ጋሼ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ለአባታቸው ዝክር አወጡ። ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ቀኑ ብሩህ ነበር፤ እኔ ከሰዉ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እማሆይ በመደባቸው ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቄሱ ዳቦውን ባረኩ፤ የሟቹን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን አሉ። ቤቱ በሙሉ «አሜን» አለ።

ከዚያ እንደ ልማዱ የእማሆይን «ይቅር ብየዋለሁ» ለመስማት ሁሉም ወደ መደቡ ዞረ። ቄሱ ቢላዋውን ይዘው ጠበቁ። አንዲት ጎረቤት እማሆይ ያልሰሙ መስሏት ጉልበታቸውን ነካ አደረገች። እማሆይ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ጋሼ ዓይናቸውን ከእናታቸው ላይ አንስተው፣ በሰዉ መሐል እኔን መፈለግ ጀመሩ።